በርንድ ማቲያስ፦ ሁለት ባላጋራ ኃይሎችን በአንድ ጠጠር ውስጥ ያገናኘ ሊቅ

ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ከጉልበቱ የተወሰነው በመንገድ ላይ ይባክናል። የእንጀራ መጋገሪያው ምጣድ የሚግለው፣ ከኃይል ማመንጫ እስከ ከተማ የተዘረጋው መስመርም የተጫነበትን ኃይል በሙሉ የማያደርሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ሽቦው ለጉዞው እንቅፋት አለው፤ እንቅፋቱም ኃይልን ወደ ሙቀት ይለውጣል።

ከዚህ ሕግ የሚያፈነግጡ ብረቶች ግን አሉ። እነዚህ ብረቶች እጅግ ሲቀዘቅዙ እንቅፋታቸው ድንገት ይጠፋል፤ አንድ ጊዜ የገባባቸው ኤሌክትሪክም ሳይባክን ይዞራል። ልዕለ አስተላላፊዎች ወይም ሱፐርኮንዳክተሮች ይባላሉ። ክስተቱ መጀመሪያ የታየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1911 ነው። የኔዘርላንዱ ተመራማሪ ሃይክ ካመርሊንግ ኦነስ በላይደን ከተማ ባዜቃን በፈሳሽ ሂሊየም ሲያቀዘቅዝ፣ ከዜሮ በታች 269 ድግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ እንቅፋቱ ሲጠፋ ተመለከተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ይህ ድንቅ ባሕርይ አንድ ጠላት እንዳለው ራሱ ካመርሊንግ ኦነስ ደረሰበት። ጠላቱ ማግኔት ነበር። ብርቱ ማግኔት ሲቀርባቸው ልዕለ አስተላላፊዎች ባሕርያቸውን አጥተው እንደ ተራ ብረት ይሆናሉ።

የዚህን ጠላትነት ጥልቀት ለማወቅ ዕድሜውን ከሰጡት ተመራማሪዎች አንዱና ምናልባትም እጅግ ትጉሁ በርንድ ማቲያስ ነው።

ማቲያስ በ1918 ሰኔ ወር በጀርመን ፍራንክፈርት ከተማ ተወለደ። ትምህርቱን የተከታተለው በስዊዘርላንድ ሲሆን፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓን በሚያነድበት በ1943 በዙሪክ ከሚገኘው የፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበለ። መምህሩ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ፖል ሼረር ነበር። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1947 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ለጥቂት ጊዜ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከሠራ በኋላ በኒው ጀርሲ ወደሚገኘው የቤል ቤተ ሙከራ ገባ፤ ቀጥሎም በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ።

በዚያ ጊዜ ሥራው በልዕለ አስተላላፊዎች ላይ አልነበረም። ያጠና የነበረው ፌሮኤሌክትሪክ የሚባሉትን፣ በውስጣቸው የኤሌክትሪክ አቅጣጫ የሚይዙ ክሪስታሎችን ነበር፤ በዚህም መስክ ብዙ አዳዲስ ውህዶችን አግኝቷል። የሕይወቱ መንገድ የተለወጠው በቺካጎ ነው። ታላቁ ጣሊያናዊ የፊዚክስ ሊቅ ኤንሪኮ ፌርሚ አዳዲስ ልዕለ አስተላላፊዎችን እንዲፈልግ መከረው። ምክሩን ተቀብሎ ከእንግሊዛዊው ጆን ሃልም ጋር ሥራውን ጀመረ። በ1951 ወደ ቤል ቤተ ሙከራ ሲመለስም ፍለጋውን ይዞት ሄደ። ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመታት ያህል አልተወውም።

የማቲያስ አሠራር ከብዙ የዘመኑ ሊቃውንት የተለየ ነበር። በወረቀት ላይ በሚሠራ ረጅም ስሌት ብዙም አይተማመንም ነበር። ይልቁንም የንጥረ ነገሮችን ሠንጠረዥ ገበሬ ማሳውን በሚያውቅበት መጠን ያውቀው ነበር፤ የትኛው ንጥረ ነገር ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ፣ የትኛው የትኛውን እንደሚያበላሽ ከብዙ ሙከራ የተገኘ ስሜት ነበረው። እርሱና ባልደረቦቹ ብረቶችን እየመዘኑ ይቀላቅላሉ፤ አየር በማይገባበት ዕቃ ውስጥ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ያቀልጣሉ፤ የሚወጣውን የአዝራር መጠን ያለው ጠጠር በፈሳሽ ሂሊየም አቀዝቅዘው ይፈትናሉ። ያልሆነው ይጣላል፤ የሆነው ይመዘገባል፤ ከሆነው በመነሣት ደግሞ ሌላ ቅይጥ ይታሰባል። በዚህ መንገድ በመቶዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ልዕለ አስተላላፊዎች ተገኙ።

ከእነዚህ ሁሉ እጅግ የታወቀው በ1954 ከቴዎዶር ጌባሌና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ያገኘው የኒዮቢየምና የቲን ውህድ ነው። ይህ ውህድ ልዕለ አስተላላፊ የሚሆነው በ18 ኬልቪን ገደማ ነበር። ኬልቪን ቅዝቃዜ ከዚያ በላይ ሊወርድ ከማይችልበት ነጥብ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 273 ድግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ፣ ጀምሮ የሚቆጥር መለኪያ ነው። በ1961 በዚያው በቤል ቤተ ሙከራ ጆን ኩንዝለርና ባልደረቦቹ ይህ ውህድ በብርቱ ማግኔት መካከል ሆኖም ከባድ ኤሌክትሪክ መሸከም እንደሚችል አሳዩ። ከዚያ በፊት ማግኔት የልዕለ አስተላላፊ ጠላት ብቻ መስሎ ይታይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ልዕለ አስተላላፊ ራሱ የብርቱ ማግኔት መሥሪያ ሆነ። ዛሬ በትልልቅ ሆስፒታሎች የሰውን የውስጥ አካል የሚያሳየው የኤምአርአይ መሣሪያ ማግኔት የሚሠራው በአብዛኛው ከኒዮቢየምና ከቲታኒየም ከተቀየጠ ልዕለ አስተላላፊ ሽቦ ነው። በደቡብ ፈረንሳይ በሚገነባው ኢተር የተባለ የኑክሌር ውህደት ማዕከል ያሉት ታላላቅ ማግኔቶች ደግሞ የማቲያስን የኒዮቢየምና የቲን ውህድ ይጠቀማሉ።

ማቲያስን ግን ሌላ ጥያቄ ያስጨንቀው ነበር። ከውጭ የሚመጣ ማግኔት ልዕለ አስተላላፊነትን እንደሚያጠፋ ታውቋል። ማግኔቱ ከውጭ ሳይሆን ከብረቱ ከራሱ ውስጥ ቢነሣስ ምን ይሆናል? ሁለቱ ጠላቶች በአንድ ቤት ማደር ይችላሉን?

ለዚህ ጥያቄ የተመቹት ብርቅዬ የምድር ብረቶች የሚባሉት ናቸው። ከላንታነም እስከ ሉቴሺየም የተደረደሩት እነዚህ አሥራ አምስት ንጥረ ነገሮች በኬሚካዊ ባሕርያቸው እንደ ወንድማማቾች ይመሳሰላሉ፤ አንዱን አውጥቶ ሌላውን በቦታው መተካት ቀላል ነው። በማግኔትነታቸው ግን እጅግ ይለያያሉ። በአተማቸው ጥልቅ ክፍል የተሸሸጉ ኤሌክትሮኖች አሏቸውና እነዚህ ኤሌክትሮኖች እያንዳንዱን አተም እንደ ጥቃቅን ማግኔት ያደርጉታል። ላንታነምና ሉቴሺየም ይህ ማግኔትነት የላቸውም፤ በመካከል ያሉት አብዛኞቹ ግን አላቸው። ስለዚህ አንድ ተመራማሪ የብረቱን ሌላ ባሕርይ ብዙም ሳይነካ ማግኔትነቱን ብቻ እየቀያየረ መፈተን ይችላል።

ማቲያስ ይህን ዕድል ተጠቀመበት። በ1958 ከሃሪ ሱልና ከኧርነስት ኮረንዝዊት ጋር ሆኖ ላንታነምን ወሰደ። ላንታነም ለብቻው ሲቀዘቅዝ ልዕለ አስተላላፊ ይሆናል። ከመቶ የላንታነም አተሞች አንዱን ብቻ እያወጡ በቦታው ከወንድሞቹ አንዱን ተኩ። በየተራውም ምን ያህል ጉዳት እንደደረሰ ለኩ።

ውጤቱ ያልተጠበቀ ነበር። ብዙ ሰው የሚገምተው፣ በጠቅላላ ማግኔትነቱ እጅግ የበረታው አተም እጅግ የከፋውን ጉዳት ያደርሳል ብሎ ነው። በዚህ ግምት ቀዳሚዎቹ ዲስፕሮሲየምና ሆልሚየም መሆን ነበረባቸው። ሆኖም ከሁሉ የከፋው ጋዶሊኒየም ሆኖ ተገኘ። ከመቶ አንድ እጅ ጋዶሊኒየም የላንታነምን ልዕለ አስተላላፊነት በ5 ኬልቪን ገደማ ዝቅ አድርጎ ሊያጠፋው ተቃረበ። ጋዶሊኒየም ከወንድሞቹ የሚበልጠው በአንድ ነገር ነው፤ ስፒን የሚባለው የኤሌክትሮኖች የራስ ሽክርክሪት በእርሱ ውስጥ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሰባት ኤሌክትሮኖቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይሽከረከራሉና።

ይህ ግኝት ከአንድ ዓመት በፊት በወጣ ትልቅ ንድፈ ሐሳብ ሲታይ ትርጉሙ ይገባል። በ1957 ጆን ባርዲን፣ ሊዮን ኩፐርና ሮበርት ሽሪፈር በልዕለ አስተላላፊ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደሚጓዙ አስረዱ። ጥንዶቹን በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ በሬዎች ማሰብ ይቻላል፤ ልዩነቱ የአንዱ ሽክርክሪት ከሌላው ተቃራኒ መሆኑ ነው። ጥንድነቱ እስካለ ድረስ እንቅፋት አያስቆማቸውም። የጋዶሊኒየም አተም በመካከላቸው ሲገባ ግን አንዱን በሬ በአንድ በኩል፣ ሌላውን በሌላ በኩል የሚጠራ ሰው ማሳው ውስጥ እንደ ቆመ ያህል ነው። ጥሪው የሚደርሰው በሽክርክሪታቸው በኩል ስለሆነ፣ ሽክርክሪታቸው ተቃራኒ የሆነው ሁለቱ ተጠማጆች በአንድ አቅጣጫ ሊታዘዙት አይችሉም። ቀንበሩ ይሰበራል፤ ልዕለ አስተላላፊነቱም ይጠፋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሶቪየት ሊቃውንት አሌክሲ አብሪኮሶቭና ሌቭ ጎርኮቭ ይህን የቀንበር መሰበር በስሌት አጸኑት።

በዚህ ሁሉ ማቲያስ የተፈለገውን ያህል አልረካም። ጥቂት የማግኔት አተሞች እዚህም እዚያም ተበትነው ጉዳት ማድረሳቸው ታወቀ። እርሱ የፈለገው ግን በሥርዓት የተሰለፉ የማግኔት አተሞች፣ ሁሉም ፊታቸውን በአንድ አቅጣጫ ሲያዞሩ፣ ከልዕለ አስተላላፊነት ጋር ሲጋጠሙ ለማየት ነበር። ችግሩ ግልጽ ነበር። ማግኔቶቹ እንዲሰለፉ ብዙ መሆን አለባቸው፤ ብዙ ከሆኑ ደግሞ ገና ሳይሰለፉ ልዕለ አስተላላፊነትን ይገድሉታል። ጦርነቱ ሳይጀመር አንዱ ወገን ይሞታል።

በ1961 ማቲያስ በላ ሆያ አዲስ በተቋቋመው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ፕሮፌሰር ሆነ፤ ከቤል ቤተ ሙከራ ጋር ያለውንም ግንኙነት አላቋረጠም። በዚያም ወጣት ተመራማሪዎችን ሰበሰበ። ከተማሪዎቹ መካከል በኋላ በዚህ መስክ ስማቸው የገነነው ብራየን ሜፕልና ፖል ቹ ይገኙበታል። በ1965 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠ፤ በ1970 ደግሞ ከቴዎዶር ጌባሌ ጋር የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበርን የበክሊ ሽልማት ተቀበለ።

መፍትሔው የመጣው ሁለት ንጥረ ነገር ካላቸው ቅይጦች ወደ ሦስት ንጥረ ነገር ውህዶች በመሻገር ነው። በ1972 ማቲያስና ባልደረቦቹ ሞሊብደነምና ድኝ ያለባቸው ባለ ሦስት ውህዶች ልዕለ አስተላላፊ መሆናቸውን አሳወቁ። እነዚህን ውህዶች ጥቂት ቀደም ብለው የሠሯቸው የፈረንሳይ ኬሚስቶች ነበሩ። በ1977 ደግሞ ማቲያስ ከብርቅዬ የምድር ብረት፣ ከሮዲየምና ከቦሮን የተሠራ አዲስ የውህድ ቤተሰብ ይፋ አደረገ። በእያንዳንዱ አንድ የብርቅዬ ብረት አተም፣ አራት ሮዲየምና አራት ቦሮን አሉ። ከዘጠኝ አተም አንዱ ማግኔት ነው ማለት ነው። በላንታነም ውስጥ ከመቶ አንዱ ጥፋት ካመጣ፣ ከዘጠኝ አንዱ ምንኛ ያጠፋ ይሆን ያሰኛል።

ነገር ግን እንደዚያ አልሆነም። በእነዚህ ውህዶች ውስጥ እያንዳንዱ አተም የተወሰነ ስፍራ አለው። ኤሌክትሪክ ተሸካሚዎቹ ኤሌክትሮኖች በአብዛኛው በሮዲየም ስብስቦች መካከል ይመላለሳሉ፤ የብርቅዬው ብረት አተሞች ደግሞ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ጎረቤታሞች ናቸው፤ ነገር ግን በመካከላቸው አጥር አለ። የማግኔቶቹ ጥሪ ወደ ጥንዶቹ የሚደርሰው ደክሞ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች እስከ ፍልሚያው ቀን በሕይወት ሊቆዩ ቻሉ።

በዚያው ዓመት ማቲያስ፣ ብራየን ሜፕልና ሌሎች ባልደረቦቻቸው በኤርቢየም የተሠራውን ውህድ እያቀዘቀዙ ተከታተሉት። በ8.7 ኬልቪን እንቅፋቱ ጠፋ፤ ልዕለ አስተላላፊ ሆነ። ቅዝቃዜው ሲጨምርም ባሕርይውን እንደ ጠበቀ ቆየ። 0.9 ኬልቪን አካባቢ ሲደርስ ግን እንቅፋቱ ተመልሶ መጣ። የኤርቢየም ጥቃቅን ማግኔቶች ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ነበርና ልዕለ አስተላላፊነቱን አሸንፈው አስወጡት። ብረቱ ቀዝቅዞ ልዕለ አስተላላፊ ከሆነ በኋላ ይበልጥ ቀዝቅዞ ወደ ተራ ብረትነት ሲመለስ ታየ። ቅዝቃዜ የልዕለ አስተላላፊነት ወዳጅ ነው የሚለው የቆየ እምነት በዚህ ጠጠር ላይ አልሠራም። በጄኔቭም ኢሺካዋና ፊሸር የተባሉ ተመራማሪዎች በሆልሚየም፣ በሞሊብደነምና በድኝ ውህድ ተመሳሳይ ነገር በዚያው ዓመት አገኙ። በኒውትሮን ጨረር የተደረጉ ምርመራዎችም ማግኔቶቹ በእርግጥ መሰለፋቸውን አረጋገጡ።

ከዚህ የሚከተለው ጥያቄ ማግኔቶች ሁልጊዜ ያሸንፋሉ ወይ የሚል ነው። መልሱ የአሰላለፋቸውን ዓይነት ተከትሎ ይለያያል። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞሩ ጉልበታቸው ይደመራል፤ ጥንዶቹም ይበተናሉ። አንዱ ወደ ላይ፣ ጎረቤቱ ወደ ታች እየተፈራረቀ ሲሰለፉ ግን እርስ በርስ ይሻራሉ። የኤሌክትሮን ጥንድ ከአንድ አተም ጋር የሚያያዝ ሳይሆን በብዙ አተሞች ላይ የተዘረጋ በመሆኑ ወደ ላይ ያለውንና ወደ ታች ያለውን በእኩል ይቆጥራል፤ ድምሩም ዜሮ ይሆንለታል። ስለዚህ በሳማሪየም የተሠራው የዚሁ ቤተሰብ ውህድ በ2.7 ኬልቪን ገደማ ልዕለ አስተላላፊ ከሆነ በኋላ፣ ከ1 ኬልቪን በታች ማግኔቶቹ እየተፈራረቁ ቢሰለፉም ባሕርይውን አላጣም። ሁለቱ ሥርዓቶች በአንድ ቤት አብረው አደሩ።

በኤርቢየሙም ውህድ ቢሆን ሽንፈቱ በአንድ ጊዜ የመጣ አልነበረም። ከማቲያስ ሞት በኋላ የተጠናቀቁ ጥልቅ ምርመራዎች እንዳሳዩት፣ ከመጨረሻው ሽንፈት በፊት በጠባብ የሙቀት ክልል ውስጥ ሁለቱ ወገኖች ይደራደራሉ። ማግኔቶቹ ሙሉ በሙሉ በአንድ አቅጣጫ መሰለፉን ትተው እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ እያሉ ይሰለፋሉ፤ ልዕለ አስተላላፊነቱም ለጥቂት ጊዜ ይታገሳቸዋል። እንዲህ ያለ ስምምነት ሊኖር እንደሚችል ፊሊፕ አንደርሰንና ሃሪ ሱል በ1959 አስቀድመው አስበውት ነበር። በስሌት የማይተማመነው ማቲያስ በፈጠራቸው ጠጠሮች የስሌት ሰዎች ትንቢት ተፈጸመ።

በርንድ ማቲያስ በ1980 ጥቅምት 27 ቀን በላ ሆያ ሳለ በ62 ዓመቱ በልብ ሕመም ድንገት አረፈ። ዕድሜውን በሙሉ የተመኘው የልዕለ አስተላላፊዎች የሙቀት መጠን በብዙ ከፍ ሲል ማየት ነበር። በ1967 እርሱና ባልደረቦቹ በኒዮቢየም፣ በአሉሚኒየምና በጀርማኒየም ውህድ ከ20 ኬልቪን ተሻግረው ነበር፤ በሞተበት ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን ገና 23 ኬልቪን ገደማ ነበር።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እርሱ ዶክትሬቱን በተቀበለባት በዙሪክ አቅራቢያ፣ ጆርጅ ቤድኖርዝና አሌክስ ሙለር ከ30 ኬልቪን በላይ የተስፋ ምልክት አገኙ። ውህዱ ላንታነም፣ ባሪየም፣ መዳብና ኦክሲጅን ነበረበት። የማቲያስ ልምድ ግን ከኦክሲጅን፣ ኤሌክትሪክ ከማያስተላልፉ ውህዶችና ከማግኔት መራቅን ይመክር ነበር፤ ተከታዮቹም ይህን እንደ ደንብ ይደጋግሙት ነበር። በዚህ ደንቡ ማቲያስ ተሳስቷል። ፈልጎ የማግኘት ልማዱ ግን አልተሳሳተም። በ1987 ከ90 ኬልቪን በላይ የሚሠራውን የኢትሪየም፣ የባሪየም፣ የመዳብና የኦክሲጅን ውህድ ከባልደረቦቹ ጋር ይፋ ያደረገው ተማሪው የነበረው ፖል ቹ ነው። በዚህም ውድ በሆነው ፈሳሽ ሂሊየም ፋንታ እጅግ ርካሽ የሆነው ፈሳሽ ናይትሮጅን ለማቀዝቀዣ በቃ።

በዚያ አዲስ ውህድ ውስጥ የማቲያስን የቆየ ጥያቄ የሚያስታውስ አንድ ነገር አለ። ኢትሪየሙ ወጥቶ በቦታው ጋዶሊኒየም ሲገባ ውህዱ እንደ ቀድሞው ከ90 ኬልቪን በላይ ልዕለ አስተላላፊ ሆኖ ይቀጥላል። ከመቶ አንዱ ብቻ ገብቶ ላንታነምን ሊያጠፋ የተቃረበው ያ ጋዶሊኒየም፣ እዚህ ስፍራውን ሙሉ በሙሉ ይዞ ተቀምጦ ጉዳት አያደርስም። ኤሌክትሪኩን የሚሸከሙት የመዳብና የኦክሲጅን ንጣፎች ናቸውና ጥሪው ወደ ጥንዶቹ አይደርስም። ከ3 ኬልቪን በታች የጋዶሊኒየም ማግኔቶች እየተፈራረቁ ሲሰለፉም ልዕለ አስተላላፊነቱ አይናወጥም።

በ1994 በሕንድ የታታ ተቋምና በቤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች አማካይነት የኒኬል፣ የቦሮንና የካርቦን ውህዶች ሲገኙ፣ በእነዚያም ውስጥ ኤርቢየምና ሆልሚየም ያለባቸው ጠጠሮች ሁለቱን ሥርዓቶች አንድ ላይ አሳዩ። በማቲያስ ስም የተሰየመው ሽልማትም አዳዲስ ልዕለ አስተላላፊዎችን ላገኙ ተመራማሪዎች ይሰጣል። እርሱ በላንታነም ላይ የጀመረው ልኬት ዛሬም በየቤተ ሙከራው ይቀጥላል፤ አዲስ ጠጠር ይቀልጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይፈተናል፤ ያልሆነው ይጣላል፣ የሆነው ይመዘገባል።